ብረት ሲርበው

ጁበይል ላይ ሌሊት የለም።
የማጣሪያው ነበልባል ሰማዩን ሲልስ ያድራል፣
የባሕሩ ወበቅ መስኮቱን ያልበዋል፣
እኔም በሰባተኛው ዓመቴ ዛሬም ተረኛ ነኝ፤
ሥራዬ መስመር ማንበብ ነው፣
የሰው ልብ ሲጽፍ አጠገቡ መቆም፣
መልስ አለመስጠት።
«ልብ በል» ይላል ያገሬ ሰው፤
ልብን ራሱን ግን ማን ልብ ይለዋል?

ሙሄን ያመጡት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።
ቱታው ላይ የዝገት ዱቄት፣
ከንፈሩ ላይ እስክሪብቶ የተፋ የመሰለ ሰማያዊ።
ወር ሙሉ ተዘግቶ የከረመ ታንከር ሊጠርግ ገብቶ፤
«ባዶ ነው» ብለውት ነበር።
አለቃው የአየር መለኪያ ነበረው፣ ባትሪው ያለቀ።
ጭስ የለ፣ ሽታ የለ፣ የሚያስነጥስ አቧራ የለ፤
ግድግዳው በጨለማ፣ ጥርሱን ሳያሰማ፣
ሲዝግ ሲዝግ ከርሞ አየሩን በልቶ ጨርሶታል።
ብረት ሲርበው እንዲህ ነው።
በሙሄ ደም ውስጥም ብረት አለ፣
አየር ጭኖ የሚመላለስ፣ የታመነ ግመል።
ያ ብረት ይህን ብረት ዘረፈው።
ዘመድ ነው የዘረፈው።

ላቡን ጠርጌ ሽቦዎቹን ለጠፍኩ። ወረቀቱ ወጣ።

በያንዳንዷ ሕዋስ ደጅ አንድ በረኛ አለ፣
ደሞዙ እሳት ነው፣ አየር ያቀጣጠለ፤
ደሞዝ የቀረ 'ለት፣ ሥራውን ለቅቆ፣
ጨው ይፈሳል ወደ ውጭ፣ ማጀት ይቀራል ደርቆ።
ሕዋሷም ብልህ ናት፣ ማጣት ያስተማራት፣
ቶሎ ነው ምትከድን የለኮሰችውን መብራት፤
የቀራትን ጥሪት በቁንጥር ታወጣለች፣
ለመኖር ስትል ብቻ፣ ሥራ ታቆማለች።
ያለ አየር የነደደ፣ ኮምጣጣ ነው ጢሱ፤
ቤቱን ያፍነዋል እንጂ አይደርስም ለነፍሱ።

ግን መስመሩን ያነሣው ረኃቡ ብቻ አይደለም።
የጠገበች ሕዋስ ከተራበች ጎን ስትተኛ
በመካከላቸው አንድ ጅረት ይነሣል፣
ማሽኑ የሚጽፈው እሱን ነው፣
ልዩነቱን።
ሁሉም እኩል ቢራቡ፣ ስንት ሌሊት አሰብኩት፣
ወረቀቱ ምናልባት ዝም ባለ ነበር።

መስመሩ ጎበጠ፣ የለቅሶ ድንኳን መሰለ።
ከድንኳን ቀጥሎ ድንኳን፣ ከድንኳን ቀጥሎ ድንኳን።
ከዚያ ሁሉም ተበተነ፦
ዳኛ የሌለው እድር፣
ሁሉም ይናገራል፣ ማንም አይሰማም፣
እያንዳንዱ ክር ለብቻው ይንቀጠቀጣል።
ዶክተሩ «ራቁ!» አለ። ራቅን።
ደረቱ ከአልጋው ተነሥቶ ወደቀ።
ዝም።
ከዚያ አንድ።
ከዚያ፣ ቆይቶ፣ ሌላ።

አየር ሲመለስም ወዲያው ሰላም አይሆንም፤
ሰባት ቀን ጦሙን የዋለ ሰው ገበታ ላይ እንደሚወድቅ
ልቡ በጥድፊያ ጎረሰ፣ ትን አለው፣
ሦስት አራት ምት ደራርቦ ሮጠ፣
በኋላ ረጋ። ድንኳኖቹ ቀስ እያሉ ወረዱ።

ከመጋረጃው ማዶ ቢሽኑ ነበር፣
ገመድ ይዞ ሙሄን ተከትሎ የገባ፣
የኔፓል ልጅ፣ ማንም ሳይልከው።
ሙሄን ከገመዱ ጋር አሰረ፣ ራሱ ቀረ።
የእሱ ወረቀት ረጅም ነው፤
ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቀጥ ያለ መንገድ፣
ኮረብታ የለው፣ ቁልቁለት የለው፣
እንደዚህ አገር አውራ ጎዳና።
ሁለቱን አጠፍኳቸው። አንዱን ወደ ፋይሉ፣
አንዱን ኪሴ ውስጥ፣ የማይፈቀድ ቢሆንም።

ጎህ ሲቀድ ሙሄ ዓይኑን ገለጠ።
«እታለም» አለኝ፣ በወሎ ቃና፣ ድምፁ ዝገት እየቀመሰ፣
«ጓዴስ?»

ሽቦዎቹ ገና ደረቱ ላይ ነበሩ፣
ወረቀቱም እየወጣ።
መጀመሪያ ማሽኑን አጠፋሁ።