የግድግዳው ፀጉር

ግድግዳው ዘንድሮም ተሰነጠቀና
አንድ ጥቁር ፀጉር ብቅ አለ እንደገና።
ሳብኩት፣ አልመጣልኝ፤ ኖራው ጠንክሮበት፣
መቶ ዓመት የያዘን ማን ሊያስለቅቅበት።

የለሰነው ቅድመ አያቴ ነው፣ ጃቤዝ ተክዌል፣
የሄርንዴል ፈረሰኞች ብረት ቀጥቃጭ፤
ሰኮና የሚያበጅ፣ ጫማ የሚመታ፣
ከሰው ጋር ዝምተኛ፣ ከፈረስ ጋር ግን የሚያወጋ ማታ ማታ።

የጦሩ መዝገብ ከሱ በፊት ይጀምራል፤
ቆዳው የተላጠ፣ የአይጥ ጥርስ ያረፈበት፣ ዛሬ እኔ ጋ ይኖራል።
“ፈረንሳይ ሊመጣ ነው!” በተባለበት ዓመት
ገበሬው ተነሣ፣ ሳይገደድ፣ ሳይከፈለው፣
በገዛ ፈረሱ፣ በገዛ ኮርቻው፣ ከእርሻው ከበረት።
ባለርስቱ ሻምበል፣ ጭሰኛው ተራ ወታደር፣
እንደ ማሳው ሥርዓት፣ እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ወንበር።
ቅዳሜ ቅዳሜ ሜዳ ላይ ጋለቡ፣
የጎመን አንገት በሰይፍ ቀሉ፣
ቢራ ተጋበዙ፣ ማታ እየዘፈኑ ገቡ።
ፈረንሳይ ግን ቀረ፤
ባሕሩን አየና፣ ወይ ሌላ ሥራ ያዘና።
ጦሩም የተሳለ ጎራዴ ይዞ ቆመ፣ ጠላት አጣና።

ጠላት ያጣ ጎራዴ ጎረቤት ያያል።

አንድ ማክሰኞ ጧት ሸማኔው ገበያው ላይ ተሰበሰበ፤
ዳቦ ተወደደ፣ ሥራችን ረከሰ፣ ልጅ ተራበ
ብሎ ቀረበ።
ፈረሰኛው ታዘዘ።
ታቢታ ግሪቭስ ቅርጫቷን እንዳንጠለጠለች
በዶሮ ተራው ጥግ፣ በሰኮና መሃል፣ ወደቀች።
መዝገቡን ገልጬ ያን ቀን ፈለግኩት፤
በቡናማ ቀለም፣ በቆንጆ እጅ ጽሑፍ፣ ይኸው አገኘሁት፦
“አምባላይ ፈረስ፣ የግራ ፊት እግሩ ተጭሯል።
ለቅባት ሁለት ሽልንግ ወጪ ተደርጓል።”
ስለ ታቢታ ምንም።
ያን ገጽ ሳልፈው እጄ ይከብደኛል፤
ከኮርቻው ላይ የኔም ደም ይኖራል።

ከዚያ ደቡብ አፍሪካ። አንድ ገጽ ብቻ፤
የፈረስ ስም፣ መስመር፤ የፈረስ ስም፣ መስመር።
ከዚያ ታላቁ ጦርነት፤ ጃቤዝ በሃያ ሁለት ዓመቱ፣
ዳምሰን በአምስት፤ ባዝራ፣ ጥቁር፣ ቦራ፣
በቀጋ አጥር ውስጥ በሚበቅል የዱር ፕሪም ስሟ የሚጠራ።
ከግብፅ አሸዋ እስከ ፍልስጤም ኮረብታ
ተሸከመችው፤ ሁለት ቀን ውሃ ሳትቀምስ፣
ልጓሟን እያኘከች፣ አንዴም ሳትረታ።

ሰላም ሆነ ተባለ።
ለሰው መርከብ መጣ፤ ለፈረስ ቦታ የለ።
ስምንት ዓመት ያለፈው ይገደል፤
ወጣቱ ለድንጋይ ጋሪ በጨረታ ይታደል።
ከመተኮሱ በፊት ጋማና ጭራው ይቆረጥ፣
ብረት ጫማው ይነቀል፣ ለመንግሥት ገቢ ይሰጥ።

ጃቤዝ አራቱንም ጫማ ራሱ ነቀለ።
ሻምበሉ “ሌላ ሰው ልዘዝ?” ቢለው፣
“የለም ጌታዬ፣ እጄን ታውቀዋለች” አለ።

መዝገቡ ላይ፣ በሱ ጽሑፍ፣ ከቁጥሯ አጠገብ፣
“ሞተች፣ በሕመም” ይላል።
የማን ሕመም እንደሆነ አልጻፈም።

ከመንግሥት ጆንያ አንድ ጭብጥ ፀጉር ሰረቀ፣
ከሸሚዙ ሥር ሸሸገው፣ ባሕር አቋርጦ ዘለቀ።
ኖራ ያለ ፀጉር ይፈረከሳል፣ ይላሉ ለሳኞች፤
ያን ክረምት ወጥ ቤቱን ብቻውን ለሰነ፣
በሩን ዘግቶ። ምን እንደደባለቀ ያየች
ሚስቱ ናት፤ እሷም ለልጇ ብቻ ነገረች።

ጦሩ ዛሬ ብረት ለበስ ይነዳል፤
ፈረሱ የቀረው ኮፍያቸው ላይ ነው፣ የጥፍር ያህላል።

ትናንት የመጣው ለሳኝ፣ ወጣት ልጅ፣
“ፀጉሩን ቆርጬ በሲሚንቶ ልድፈነው?” አለኝ።
ተወው አልኩ። ሻይ ጠጥቶ ሄደ።
መዝገቡን አወረድኩ፣ ያን ማክሰኞ ፈለግኩ፣
ከአምባላዩ ፈረስ በታች፣ ከሁለቱ ሽልንግ ጎን፣
ታቢታ ግሪቭስ፣ ሸማኔ፣ ብዬ ጻፍኩ።
እርሳሴ ደንዞ ነበር፤
ግን ይነበባል።