ዋ

ከሱ በፊት ሁለት፣ ፊታቸው ሳይታይ አፈር ለብሰዋልና፣
ሦስተኛው ሲመጣ እናቱ ውብርስት ከአልጋ ላይ ቀና
ብላ «ይሄን እንየው» አለች፤ ስሙም እንየው ሆነና ጸና።
ስም ማውጣቱ ቀሎን፣
ማየቱ ነው የከበደን።

አዘዞ፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ ከጋራዡ ጀርባ፣
አንድ ክፍል ነው ቤታችን። ማታ ማታ ስገባ
እጄ ናፍጣ ይሸታል፤ ኪሴ ውስጥ ግማሽ ፓኮ ሲጋራ።
ጥምቀተ ባሕሩ ላይ፣ ጠበል ሲረጭ፣ ከሕዝቡ ጋራ
«ሁለተኛ አልነካም» ብዬ ምያለሁ፤ ሚስቴ ሰምታለች።
ማስቲካ አኝኬ፣ ጣቴን በሎሚ አሽቼ፣ እጠብቃለሁ፦ መቼ ትተኛለች?

ከበሩ ጀርባ፣ ከመጥረጊያው ሥር፣ ግማሽ ውሃ ያዘለ
ሃይላንድ አለኝ። ጓሮ ያጨስኩት ቁራጭ ሁሉ እዚያ ዋለ።
ክዳኑ ከጠፋ ቆየ፤ አፉን በፌስታል ወትፌ ተውኩት።
ሳምንት ሲሞላው ውሃው ቀጭን ሻይ መሰለ።
ሻይ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ልጁ ምን እንዳለው ማን አስተዋለ?

እንየው ዓመት ከአራት ወሩ ነው። ሦስት ቃል ነው ያለው፤
«እማ»፣ «ባ»፣ ደግሞ «ዋ»። «ዋ» ውሃ ማለት ነው፤
ወተትም «ዋ»፣ ዝናብም «ዋ»፣ የባሊው አረፋም «ዋ»።
በኔ አፍ ቢሆን «ዋ!» ማለት ተጠንቀቅ ነበረ፤
ቃሉን እሱ ያዘው፣ ትርጉሙ እኔ ጋ ቀረ።

ማክሰኞ ጠዋት ውብርስት ደጅ ልብስ ታጥባለች፤
እኔ ጫማ አስራለሁ። ከኋላዬ አንዲት «ዋ» መጣች።
አልዞርኩም። «እናትህ ትስጥህ» አልኩ ለጫማዬ ክር።
ስዞር ፌስታሉ ወድቋል፤ ሃይላንዱ ተጋድሟል ከእግሩ ሥር፤
ደረቱ ርጥብ ነው፣ ቡናማ፤
ከንፈሩ ላይ የትምባሆ ብጣሽ፤ ለቅሶ አልተሰማ።

መጀመሪያ ለሃጩ ወረደ፣ እንዳልተዘጋ ቧንቧ፤
ቀጥሎ ትውከት፣ ቀጥሎ ላብ፤ ዓይኑ ፈጦ፣ ጠብ አላለው እንባ።
እጁ መንቀጥቀጡን ሲተው ሁለንተናው ላላ፤
ያልተጨመቀ ልብስ ሆነ ክንዴ ላይ፤
ስሙን ብንጠራ፣ ብንጠራ፣ አንገቱ ወደ ኋላ።

«ወተት አምጡ!» ይላል ጎረቤት፤ «ጣት ስደዱበት!» ይላል ሌላው፤
ሻረው ባጃጁን አስነስቶ ነበር፤ ምንም ሳናቀምሰው ጫንነው።
ሳሙና በርን ስናልፍ የመሪጌታ ጥሩነህ ነገር ትዝ አለኝ፤
«ትምባሆ ከአርዮስ ሆድ ነው የበቀለ» ሲሉ ድሮ ያሳቀኝ።
ከማን ሆድ እንደበቀለ አላየሁም፤
ማን ሆድ እንደገባ ግን ታቅፌዋለሁ፤ አይጠፋኝም።

ሆስፒታል። «ምን ቀምሶ ነው?» ሲስተሯ ዓይኑን በባትሪ አይታ።
«ምንም» አለች ውብርስት፤ እውነቷን ነው፤ ወደኔም አየች ቆይታ።
ልቡ መጀመሪያ ሮጣለች፤ አሁን ትጎተታለች።
ሲስተሯ ምቱን ትቆጥራለች፤
እኔ መሐላዬን እቆጥራለሁ።
እስከዚህ ድረስ፣ ጃኬቴ ሥር፣ ሃይላንዱን ደብቄ መጥቻለሁ።

አወጣሁት። «ሲጋራ» አልኩ። «የሲጋራ ውሃ።»
ድምፄ የሌላ ሰው ነበር፤ ከሆነ ሩቅ በረሃ።
ማንም አልሰደበኝም። ሲስተሯ ሃይላንዱን ተቀብላ
«ይሄን ቀድመህ ብትል ኖሮ» አለች፤ አልጨረሰችውም፤
ልጁን ይዛ ገባች ቸኩላ።

ተረፈ። በሁለተኛው ቀን ጉንጩ ቀላ፤
ሙዝ ለምኖ በላ።

አሁን ከሥራ ስገባ በጉልበቴ ነው ቤቱን የምዞረው፤
አልጋ ሥር፣ ጫማ ውስጥ፣ ክንዱ የሚደርስበትን ሁሉ በክንዱ እየለካሁ ላየው።
ውብርስት ታየኛለች፤ እራት ታቀርባለች፤ ቃል የላትም።
እኔም አዲስ መሐላ የለኝም።
ኪሴ ባዶ ነው፤ ጣቴ ግን አሁንም ሎሚ ይፈልጋል።

ትናንት ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ጀመረ፤ እንየው ከመስኮቱ ሥር ቆሟል፤
«ዋ» አለ።

ዞርኩ።