መኑ

ሥራዬ መዝገብ ነው፤ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ፊት ለፊት፣
ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሦስተኛው መስኮት።
የልጅ ስም፣ ያባት ስም፣ ያያት ስም እላለሁ፣
ከዚያ ወዲያ መሥመር የለም፤ ማኅተም መትቼ እሸኛለሁ።
ሦስት ትውልድ ለመንግሥት ይበቃዋል፤
አባቴን ግን አልበቃው፤ ደብተር ሞልቷል።

አባቴ ደምላሽ የጀልባ ሰው ነበር፤
ሲሞት የደረሰኝ የማይነሣ ሞተር፣
ናፍጣ የጠጣ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር።
ሰባት ቤት ቆጥሮ፣ ሌላ ሰባት አክሎ፣
ደምላሽ ጓንጉል ብሎ፣ ጓንጉል ክፍሎ ብሎ፣
ቅድመ አያቱ ለርስት፣ ዳኛ ፊት የቆጠረውን፣
አንድ ስም ቢዘለል መሬት የሚያስነጥቀውን፣
ዐሥራ አራተኛው ላይ ሲደርስ ብዕሩ ቀጠነ፤
«መኑ፣ ከደሴት የመጣ» ብሎ እዚያው መከነ።

ቤተ ሰቡ ሲፈታው፦ «ማኑኤል ነው፤ ፖርቱጋል፤
ነፍጥ ተሸክሞ መጥቶ፣ አግብቶ ቀርቷል።»
ማስረጃ ስጠይቅ የአክስቴን የስንዱን ዐይን ያሳዩኛል፤
እውነት ነው፣ ውኃ ይመስላል። ሲመሽ ቡናማ ይሆናል።
አጎቴ ሙሉአዳም ኖራ የነካው ግንብ ካየ
«የኛ ሰው እጅ ነው» ይላል፤ ያምናውን የዘበኛ ቤት እንኳ አልለየ።

እኔ የመዝገብ ሰው ነኝ፤ ዐይን ማኅተም የለውም።
ማዴራ ለሚባል ደሴት ጻፍሁ። አራት ወር፣ ምንም።
በአምስተኛው፣ ፊሎሜና የምትባል የመዝገብ ቤት ሴት
(ከመስኮቷ ማዶ ውኃ፣ ጣቷ ላይ ቀለም ያለባት
አድርጌ የሣልኋት)
መለሰች፦ «እኅቴ፣ የክርስትና መዝገባችን የጀመረው
ሰውየሽ ከሄደ በኋላ ነው፤ መርከቡ ቀደመው።
ከሱ ወዲህ ያሉትን ግን ቆጥሬልሻለሁ፤
ባንድ አጥቢያ አርባ አንድ ማኑኤል አግኝቻለሁ።»
ፎቶውንም ላከች፤ ብል የበላው ገጽ ነው።
የእናት ስም ቦታ ላይ ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ፤
እዚያም ጸሐፊው ሰነፍ ነው።

ቅዳሜ ጀልባ ያዝሁ። ወንጌሉ ካለበት ገዳም ሴት አይገባም፤
ወደቡ ድንጋይ ላይ ቆምሁ፤ ከዚያ አላለፍሁም።
አባ ዘሚካኤል ዳገቱን ወጡ፣ ኅዳጉን አነበቡ፣
መዳፋቸው ላይ ጽፈው፣ ላብ ሳይፍቀው ቀረቡ፦
«መኑ ዘመጽአ እምደሴት።»

«ስም ከሆነ፣ ልጄ፣ መኑ የሚሉት ሰው መጣ ነው።
ግዕዝ ከሆነ ግን፣ መኑ ማለት ማን ነው።
ከደሴት የመጣው ማነው? ብሎ ጠይቆም ይሆናል፤
በዚያ ዘመን ብራና የጥያቄ ምልክት የት ይገኛል?»
«ደሴቱስ፣ አባ?»
«ደቅም ደሴት ነው። ዳጋም። ይህ የቆምሽበትም።»

ስንመለስ ባለ ጀልባው ሞተሩን ዝቅ አድርጎ
«አገኘሽ?» አለኝ።
«መኑን አገኘሁ።»
«ማንን?»
«አዎ፣ ማንን።»
ሳቀ። አልገባውም፤ ወይም ገብቶታል፣ እንጃ።
እንቦጩን ሰንጥቀን አለፍን፤ ከኋላችን ተመልሶ ገጠመ።

ሰኞ፣ አንዲት ልጅ እግር ሴት ገባች፣
የዐሥራ አምስት ቀን ሕፃን አቅፋ።
«የልጅ ስም?»
«ፍሬስብሐት።»
«ያባት ስም?»
በመስኮቱ ሐይቁን አየች።

ብዕሬን አነሣሁ፤ መልሼ አወረድሁት።
ያ የብራናው ጸሐፊ ታየኝ፣ መቃው ጫፍ ላይ ቀለም ሲደርቅበት፤
ከፊቱ የቆመው ምናልባት እንግዳው አልነበረም፤
ምናልባት ልጁን ያዘለች፣ ስሟን ማንም ያልጠየቃት
የዚህ ዳርቻ ሴት ነበረች፤
እሱም የሚጽፈው ጠፍቶት ነበር።

«አትቸኩይ» አልኋት።
ወረፋው አጉረመረመ።
የሐይቁ ነፋስ ገብቶ ገጹን ሊገልጠው ሲል
በክርኔ ያዝሁት።