የሥጋ ዳቦ

ማክሰኞ ነው ዛሬ፤ ስድስት ሰዓት ሲሞላ ረቡዕ ይገባል፤
የደብረ ብርሃን ብርድ ግን ቀን አይቆጥርም፣ ሳያንኳኳ ይገባል።
ትርንጎ ፋብሪካ ናት፤ ብርድ ልብስ ታጥፋለች፣
አራት ሰዓት ሲሆን በሰርቪስ ትመጣለች።
እኔ፣ የብረት በያጅ፣ ሱቄን ዘግቼ በጊዜ፣
አንድ ኪሎ የተፈጨ ሥጋ በፌስታል ይዤ፣
ኩሽና ቆሜአለሁ።

ሳሎን ውስጥ አማቴ፣ ጋሽ ድፋባቸው፣
ከመንዝ የመጡ፣ ሊታዩ ዓይናቸው፣
ባና ተከናንበው ሬዲዮ ያዳምጣሉ፤
ድሮ ጎድን ሲግጡ ለውሻ እንኳ የማያስተርፉ ሰው፣
ዘንድሮ ሥጋ ሲቀርብ "ጠግቤአለሁ" ይላሉ።
ስእለት መስሎን ነበር፤ ኋላ ልጄ ሐመልማል አየች፣
"አያቴ ጉርሻውን በመሐረብ ደበቀ" ብላ በጆሮዬ ነገረች።
ጥርሳቸው አልቋል ለካ።
ኩራታቸው ግን አንዱም አልተነቃነቀም፤
አፍ አውጥተው አይናገሩ፣ እኔም አፍ አውጥቼ አልጠይቅም።

ላጤ ሳለሁ አንድ ሆቴል ሰሃን አጥብ ነበር፤
ሼፉ የሥጋ ዳቦ የሚሉት ነገር ይጋግር ነበር።
"ሥጋ ደግሞ ዳቦ ይሆናል?" ብዬ ብስቅበት፣
ጫፉን ቆርሶ አጎረሰኝ፤ ሳቄን አብሬ ዋጥኩት።

ሽንኩርቱን ከተፍኩ፤ እንደ ደንቡ አለቀስኩ።
ያደረ ዳቦ ፈርፍሬ ወተት አጠጣሁ፤
ሁለት እንቁላል ሰበርኩ፤ ቃሪያ ከነፍሬው ጣልኩ፣ መልሼ አወጣሁ፣
ድድ ያቃጥላል ብዬ፣ ፍሬውን አራግፌ መለስኩ።
ኮረሪማ፣ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ ለዓይን ያህል፤
ብልጭታ የጠባበሰው እጄ ለወሰው፣ እስኪመስል
የሕፃን ጉንጭ።

መጋገሪያውንም ራሴ ከላሜራ ቆርጬ በይጄዋለሁ፤
በርና መስኮት ስሠራ አሥራ አራት ዓመት ኖሬአለሁ፣
ሌባ የማይከፍተው።
አፍ የሚያስከፍት ዕቃ ስሠራ፣ ዛሬ ገና ነው።

ኦቭኑ ግሎ፣ ቅቤው መንጫጫት ሲጀምር፣
መብራት ሄደ።
ሰፈሩ በአንድ አፍ "ውይ!" አለ፤ ከዚያ ጸጥ አለ ምድር።
ሰዓቱ ሦስት ተኩል። ግማሽ ጥሬ፣ ግማሽ ብስል ታቅፌ
ጨለማውን ስሳደብ፣ ከሳሎን ድምፅ መጣ፦
"ከሰል የለህም ወይ?
እሳት ከላይ፣ እሳት ከታች፤ ድፎ ሲደፋ አላየህም ወይ?"
ግድግዳ እየዳሰሱ መጡ። ባናቸውን ጣሉ፤
ፍሙን በጉጠት እየለቀሙ ክዳኑ ላይ ደለደሉ።
"ሟቿ ስትደፋ፣ አመድ የማለብሰው እኔ ነበርኩ" አሉ፣
ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።
እሷን ሲያነሱ የሰማሁት ያን ማታ ብቻ ነው።

ትርንጎ መጣች፤ ፀጉሯ ላይ የክር ብናኝ፣ እጇ በረዶ፤
"ምንድነው እንዲህ የሚያውደው?" አለች። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሻማ ነዶ፣
ክዳኑ ሲነሳ እንፋሎቱ ግድግዳው ላይ ጥላ ጣለ።
ሻማውን ትንሽ ወደ እኔ ሳብኩት፣
የእሳቸው ፊት ጨለማ እንዲያገኝ። ቢላዋም አላመጣሁት፤
ማንኪያ ቆረጠው።

ጋሽ ድፋባቸው ቀመሱ። ዝም። ደግሞ ቀመሱ።
"ይሄ ዳቦ ነው፣ ወይስ ሥጋ?" አሉ።
"ዳቦ ነው።"
"እንግዲያው ጨምርልኝ፤ ዳቦ ማን ይጠግባል" አሉ።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን መጋገሪያው ባዶ ነበር፤
ሐመልማል ጭናቸው ላይ ተኝታ፣ እሳቸው የመንዝ ወሬ ሲያወሩ፣
በራሳቸው ወሬ ሲስቁ፣ አፋቸው ወለል ብሎ፣
መብራት መጣ።
እኔና ትርንጎ ቶሎ ሰሃኑን አየን፣
ጠርዙ ላይ የቀረ ፍርፋሪ የሚፈልግ ሰው ሆነን።