መጋጠሚያ

«እስቲ አሳየኝ» አለች፣ መዶሻዋን ትታ፣
ከላስቲክ ዳሷ ሥር በብናኝ ሸብታ።

ዘርፌ ናት፣ ታላቄ፤ ከቱሉ ዲምቱ ዳር
ፊደል ያስቆጠረችኝ በኮብልስቶን ብር።
አንዱ ድንጋይ ሲሸጥ አንድ ገጽ ነበረ፤
አንድ ሲኖ ጭነት መንፈቅ አስተማረ፤
ተቆጣጣሪው ግን «ስንጥቅ ነው» ያለውማ
ሳይበላ የሚታደር አንድ ሌሊት፣ ጨለማ።

ስልኬን ሰጠኋት።
(የስልኬም መስተዋት ስንጥቅጥቅ ያለ ነው፤
ያ ተቆጣጣሪ ቢያይ አውጥቶ በጣለው።)

«ዓርብ ማታ ነው» አልኳት፣ «በርካሹ አውቶቡስ፣
ጉልበቴን አጥፌ ሌሊቱን ስገሠግሥ፣
ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ፕራግ ገባሁልሽ፤
ይኸውልሽ ወንዙ፣ ድልድዩ ይኸውልሽ፤
ቅዱሳኑ ግራ ቀኝ፣ ሁሉም ከድንጋይ፣
እግራቸው ሥር ነጋዴ፣ ርግብ አናታቸው ላይ።»

«እ…» አለች። ልትገፋው ሞከረች በጣቷ።
ጣቷ ጠጥሯል፣ ስልኩ አያውቀውም፤
ሦስቴ ብትዳብሰው አንዴም አይሰማም።
«እኔ ልግፋልሽ» ብዬ ተቀበልኩ።

«ይኸ ደግሞ ሰዓት ነው፤ ሲደርስ፣ ሲሞላ
መስኮቱ ተከፍቶ፣ አንዱ ካንዱ ኋላ
ሐዋርያት ያልፋሉ፤ ሕዝቡ አንጋጦ ያያል…»
«ተወው» አለች ዘርፌ፣ «ሰዓትስ እኛም ጋ ይሞላል።
መሬቱን አሳየኝ።»

ኧረ መሬቱንማ!
በሁለት ቀን ውስጥ መቶ ፎቶ አንስቼ
ሰማንያው መሬት ነው፤
ሰው ሽቅብ ሲመለከት አቀርቅሬ ቆይቼ።
አብሮኝ የነበረው ላሻ፣ ጆርጂያዊው፣
«ምን ጥለህ ነው?» ይለኛል፣ «ሳንቲም ነው የጠፋው?»
ዝም አልኩት። በምን ቋንቋ ይነገራል ይህ ነገር?
እህቴ እግሬ ሥር እንዳለች፣ በማላውቀው አገር።

ማማው መግቢያ አለው። ቆሜ አባዛሁት፤
በዘርፌ ድንጋይ ዋጋ በልቤ አካፈልኩት፤
ሰባ ሁለት ድንጋይ።
ሰባ ሁለት ጊዜ መሮ፣ መዶሻ፣
ፍንጣሪው እንዳይገባ ዓይን መጨፈን።
ከበሩ ተመለስኩ። ላሻ ወጣ፤ እኔ ታች ቁጭ አልኩ፣
የተቀቀለ እንቁላል ልጬ በላሁ፣
አንዱን ድንጋይ ጎንበስ ብዬ በስንዝሬ ለካሁ።

ዘርፌ አሁን ያን ፎቶ ወደ ዓይኗ አስጠግታ
«አየህ ይኼ» አለች፣ «ይኼ የጠዋት ነው፣ ይኼኛው የማታ።»
«ምኑ?»
«ጠራቢው ነዋ። ጠዋት የጠረበው ጠርዙ ልክ ይመጣል፤
ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ እጅ ሲዝል ግን ጥጉ ይሸሻል።
እዚህ ጋ አሸዋው አንሷል፤ ውኃ ገብቶ ይሰምጣል።
መጋጠሚያው ግን…»
እንደገና አየች።
«መጋጠሚያው ደኅና ነው። ምላጭ አያስገባም።»

ሌላ ሰው አመስግና አላውቅም።

«ላዩስ? ከማማው ላይ ከተማው ምን ይመስላል?»
«ቀይ ነው» አልኳት፣ «ጣራው ሁሉ ቀይ፤ ዓይን ይሞላል።»
ከፖስት ካርድ ያየሁትን ነገርኳት።
ፎቶው ሁሉ ከታች ወደ ላይ የተነሣ ነው፤
እኔ አላልኳት፣ እሷም አላለችኝ።
«በል ያን ድንጋይ አቀብለኝ።»

ማታ መብራት ሄደ። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ
ካቻምና የነጠፈውን መንገድ ይዤ ወጣሁ፤
በተሰነጠቀው ስልኬ ባትሪ፣ አቀርቅሬ፣
ጥጉ የሸሸውን፣ የማታውን ድንጋይ ፈለግሁ።
አንድ። ሦስት። ዘጠኝ።
ውሻ ጮኸብኝ። ዘበኛው ካቦርቱን ሰብስቦ
«ምን ጠፋህ?» አለኝ።
ሰባ ሁለት ላይ ስደርስ
ገና የመጀመሪያውን ብሎክ አላለፍኩም ነበር።