ያለ መወርወሪያ

ማራኪ ግቢ ውስጥ፣ ከቤተ ሙከራ፣
ስኳር እየላሱ፣ ቀን ከሌት በሥራ፣
ዐይን የማያያቸው፣ ሺህ ጊዜ ሺህ ሆነው፣
ከፈሳሹ አናት ላይ ሸማ ሲሠሩ ነው።

ማንጠግቦሽ በጓንት ጫፉን ስታነሣው፣
ስልባቦት ነው አልኩኝ፤ ፈራሁኝ ልነካው።
አጠበች፣ ቀቀለች፣ ሶዳ ነዛችበት፤
የብር ብናኝ ወስዳ ጥለት ሠራችለት።

ጋሽ እንድሪስ ሙሐባ፣ የአዲስ ዓለሙ፣
አርባ ዓመት በጉድጓድ ከድር ጋር የከረሙ፣
ቡታጋዝ ፈንድቶ፣ ቀኝ ክንዳቸው ነዶ፣
ፋሻ በተላጠ ቁጥር ሥጋም አብሮ ሄዶ፣
ሆስፒታል ከተኙ ሦስተኛ ሳምንት ነው።

ዛሬ ይኼን ደረብንላቸው።
ቀዘቀዛቸው። አልጮኹም።
በግራ እጅ ዳበሱት፤ ዳር ዳሩን ፈለጉ፤
ጣታቸው ሊለይ አልቻለም ድሩን ከማጉ።

«ማን ሠራው?»
«ባክቴሪያ ነው፣ ጋሼ፤ እጅም የለው።»
«መወርወሪያስ?»
«የለውም።»
«ምን ከፈላችሁት?»
«ስኳር።»
ሳቁ። «እኔንም በቀበሌው ጊዜ
በስኳር ነበር የሚከፍሉኝ።
አሁንስ የት አለ?»
«ቀቀልነው» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። ጋቢያቸውን ሳቡ፤
የራሳቸውን ክንድ፣ እንደ ባልንጀራ ክንድ፣
በግራቸው ደግፈው
ወጥቼ እስክሄድ ያዙት።