አሥራ ሰባተኛዋ ቀዳዳ

ክረምቱ ሳይገባ፣ ሰማዩ ሳይጠቁር፣
ጭቃ አቦካሁ ዛሬ፣ ከደጄ፣ ከአጥሩ ሥር።
ጭድ ጨመርኩበት፣ ዐመድ ነሰነስኩ፣
ቀሚሴን ሰብስቤ በእግሬ ረገጥኩ።

ሐይቅ የኖረ ያውቃል የውኃውን ነፋስ፣
ከማዶ ተነሥቶ አጥንት ሲዳስስ።
እኛን ብቻ አይደለም፤ አይጧንም ይበርዳታል፣
ጣት በምታህል ክፍተት ገብታ ቤት ይሞቃታል።

ይማም በሕይወት ሳለ፣ አላህ ይዘንለትና፣
እጁ ሰነፍ ነበር፣ አፉ ግን ደኅና፤
"አብሽሪ አንሻዬ፣ ነገ እደፍነዋለሁ።"
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያን ነገ ጠብቄያለሁ።
አንዳንዴም ሲነሣ በጨርቅ ይወትፋል፤
ጨርቅ ለአይጥ ምኗ ነው? ፍራሽ ይሆናታል።

ጎታዬን ገፋ አድርጌ ከጀርባው ባጎነብስ፣
የአይጥ ጎጆ አገኘሁ፣ የተሠራ ከእኛው ልብስ፤
የይማም ኮት ገበር፣ የነጠላዬ ጥለት፣
የግብር ደረሰኝ የሁለት ሺህ አንድ ዓመት፣
ቀበሌ ሦስት ጊዜ የተመላለስኩበት፣
ለካ ሞቆ ኖሯል፣ አምስት ተወልዶበት።

መርዝ ግዢ እንዳትሉኝ፤ እሱን አውቀዋለሁ፣
አምና በፍርፋሪ ለውሼ አስቀምጫለሁ።
አይጧ በላችና ወደ ጎረቤት ሄደች፣
እሷን የዘይኑ ድመት በማለዳ በላች፣
ማታውን ድመቷ ደጃፌ ላይ ሞተች።
ትንሿ ሉባባ፣ የድመቷ እመቤት፣
ዛሬም ሰላም አትለኝ፣ ብገዛላት ብስኩት።

ጦይብ አናጢው መጣ፣ ጣራውን ሊያይልኝ፣
ከጆሮው እርሳስ መዞ እንዲህ ሲል መከረኝ፦
"ውጭ ዞረሽ አትልፊ፤ ብርሃን ተከተይ፣
በቀን በርሽን ዝጊ፣ ጨለማ ውስጥ ቆይ፣
ፀሐይ የገባችበት አይጥም ይገባል በይ።"

በሬን ዘግቼ ቆምኩ፣ ቀትር ላይ፣ ብቻዬን፤
ወንፊት ሆኖ አገኘሁት የሠላሳ ዓመት ቤቴን።
አሥራ ሰባት ቆጠርኩ፣ ከግድግዳ ከጣራው፣
አንዱ ሽንብራ ያክላል፣ ጡጫ ነው ሌላው።

ቆርቆሮ ቆረጥኩ፣ ሽቦ ጠቀጠቅኩ፣
በላዩ ጭቃ መርጌ በመዳፌ ለሰንኩ።
የጎታዬን እግር ድንጋይ ላይ ሰቀልኩ፣
ማሽላው መሐል ደግሞ የኒም ቅጠል በተንኩ።
አልጋው ወደ ፀሐይ፣ ፍራሹ ከአጥር፣
የፈላ ውኃ ጠጣ ትኋን በየስንጥር።

አሥራ ሰባተኛዋ ከኮርኒሱ በላይ
የሸለምጥማጥ ናት፣ የዶሮዬ ገዳይ፤
ከሚያዝያ ጀምራ አራት እንቁላል ጣይ
አንገት አንገት ይዛ ወሰደች ወደ ላይ።
ጀንበር ሲጠልቅ ጠበቅኳት፣ ወፍጮ ላይ ተቀምጬ፣
ወጣች በግንቡ ጫፍ፤ አየኋት አፍጥጬ፣
ቀለበታም ጅራቷን፣ ድምፅ የለሽ ኮቴዋን።
መሰላል አቆምኩና ደፈንኩት መግቢያዋን።

"ይኸው፣ ይማም፣" አልኩት፣ "ነገህ ዛሬ ሆነ።"
ቤቱም ዝም አለ፣ እንደ ጣሳ ተከደነ።

ሰባት ሰዓት ቢሆን፣ ሌሊት፣ ከኮርኒሱ
ቀጫጭን ድምፆች ለልቅሶ ተነሡ።
ዶሮዎቼን ቆጠርኩ፣ ልቤን ላደነድን፤
አንዷን በስሟ ጠራሁ፣ ያቺን ወሰራዋን።
ከውጭ እናትየዋ ቆርቆሮ ትጭራለች።
ትጭራለች።
ታቆምና ደግሞ ትጭራለች።

"ነገ፣" አልኩ ለራሴ፣ "ነገ እከፍተዋለሁ።"
በገዛ አፌ ውስጥ ይማምን ሰማሁ።
ተነሣሁ።

መሰላሉ ርጥብ ነው፤ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ
ያን የለሰንኩትን ጭቃ በቢላ መልሼ...
አልደረቀም ነበር፣ በቀላሉ መጣ፤
ሽቦውን ስጎትት ጣቴ ደም አወጣ።
ከግንቡ ላይ ታየኛለች፣ ሁለት ዓይን፣ ሁለት ፍም።
ጠላቴ ናት አሁንም፤ ይቅር አላልኳትም።

"ወር ጠብቂ፣" አለ ጦይብ፣ "እግራቸው ሲጠና
አብረዋት ይወጣሉ፤ ያኔ ትደፍኛለሽ ገና።"
እስከዚያ ዶሮዎቼን አልጋ ሥር አሳድራለሁ፣
ኩሳቸውን ጠዋት እየተራገምኩ እጠርጋለሁ፣
የተረፈኝን ጭቃ፣ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ፣
በርጥብ ጆንያ ሸፍኜ አኖራለሁ ስጠብቅ።

ሉባባ ትናንት መጣች፤ በሩ ላይ ቆመች።
"ስንት ናቸው?" አለች፣ ኮርኒሱን እያየች።
"ሦስት።"
ብስኩቱን አልነካችውም፤ ግን ጥቂት ቆየች።